ቀንደ ረጅሙ ዊንዶውስና የቆቦ ጽሕፈት ቤቶች

የራያ በሬ በቀንዱ ይታወቃል። ከወልድያ ተነስቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የሄደ መንገደኛ የቆቦ ሜዳ ላይ ሲደርስ ቀድሞ ዓይኑን የሚይዘው የማሽላው ስፋትና የከብቱ ቀንድ ርዝመት ነው። ገበሬው ግን በሬን በቀንዱ አይገዛም። በሬ የሚታወቀው ቀንበር ሲጫንበት ነው።

ጥቅምት 1996 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቢል ጌትስ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮች ፊት ቆሞ የሚቀጥለውን ዊንዶውስ አሳየ። የሥራ ስሙ «ሎንግሆርን» ነበር፤ ቀንደ ረጅም ማለት ነው። ስያሜው ከከብት ሳይሆን በካናዳ የበረዶ መንሸራተቻ ተራሮች ሥር ካለ መጠጥ ቤት የተወሰደ ነው። ቢሆንም ለራያ ሰው ነገሩን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ሎንግሆርን ቀንዱ ረጅም፣ ቀንበር ላይ ግን ያልተፈተነ በሬ ነበርና።

ዛሬም ስለሚመጣው ዊንዶውስ ብዙ ይወራል። ኮምፒዩተር ሰውን ይሰማል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ሥራውንም ራሱ ይሠራል እየተባለ ነው። ከመጨብጨብ በፊት የቀድሞዎቹ ተስፋዎች ቆቦ የደረሱት መቼ፣ በማን ጉልበትና በምን ዋጋ እንደሆነ መመልከት ይጠቅማል።

*

በሎንግሆርን የተገባው ቃል ብዙ ነበር። አንደኛው «ዊንኤፍኤስ» የተባለው አዲስ የፋይል ማከማቻ ነው። ሰው ሰነዱን በስሙና በፎልደሩ ሳይሆን በይዘቱና በግንኙነቱ እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ሁለተኛው «አቫሎን» የተባለ አዲስ የስዕል ሥርዓት፣ ሦስተኛው ደግሞ ፕሮግራሞችን እርስ በርስ የሚያነጋግር «ኢንዲጎ» ነበር። አራተኛው «ፓላዲየም» በሚል ስም የተጀመረው የደኅንነት ሥርዓት ሲሆን፣ ማሽኑ ውስጥ በተተከለች ቺፕ አማካይነት ምስጢርን ለመጠበቅ የታቀደ ነበር። የዚህችን ቺፕ ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ ትመለሳለች።

ሥራው ከበደ። በ1996 ዓ.ም. ክረምት የዊንዶውስ ኃላፊ የነበረው ጂም ኦልቺን ለጌትስ ፕሮጀክቱ በያዘው መንገድ እንደማይሳካ ነገረው። ነሐሴ ላይ ኩባንያው ዊንኤፍኤስን ከእቅዱ ማውጣቱን በይፋ አሳወቀ። ለዓመታት የተጻፈው ኮድ ገሸሽ ተደርጎ ግንባታው ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 መሠረት ላይ እንደገና ተጀመረ። ፓላዲየምም ተቆራርጦ ተቆራርጦ ከሞላ ጎደል የዲስክ መቆለፊያው «ቢትሎከር» ብቻ ቀረው። ቀሪው ቪስታ ተብሎ ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ለሕዝብ ተሸጠ። የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሊከበር ሰባት ወር ሲቀረው መሆኑ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል አበሻ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል ግን ማንም ርዕስ ያላደረገው አንድ ነገር ቪስታ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የእኛ ፊደል።

*

ፊደላችን ከማሽን ጋር ያደረገው ትግል ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመፍጠር ሲነሱ የገጠማቸው ችግር የቁጥር ነበር። የአውሮፓ መኪና የተሠራው ለ26 ፊደላት ነው። አማርኛ 33 ፊደላት በ7 ቅርጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ፣ ቋ፣ ጓ፣ አኃዞችና ነጥቦች ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። መፍትሔው ፊደሉን ቆርጦ መቀጠል ሆነ። እግሩና ቀለበቱ ለየብቻ ተመትተው ከዋናው ቅርጽ ጎን ይለጠፉ ነበር። በዘመኑ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው ያን የተነጣጠለ ፊደል አይረሳውም።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ያው የቁጥር ችግር ተከትሎ መጣ። የያኔው ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያም የተወሰነው ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በእንስሳት ሕክምና የሠለጠኑት ዶክተር አበራ ሞላ እና የካሊፎርኒያው ፍስሐ አጥላው ፊደሉን ስክሪን ላይ ለማውጣት ሠሩ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ግልጽ ነው። ሥራውን የጀመሩት በግላቸው የተነሱ ሰዎች ናቸው። የትኛውም ትልቅ ኩባንያ አማርኛን በእቅዱ አልያዘም ነበር።

ከዚያ የተከተለው ዘመን የባቢሎን ዘመን ነበር። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሸራ፣ ሳማወርፋ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እየተባሉ ፕሮግራሞች ተፈጠሩ። ሁሉም የላቲን ፊደል ቦታን ተውሰው የራሳቸውን ፊደል አስቀመጡበት። አንዱ «ሀ»ን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሌላው «ሰ»ን ያስቀምጣል። ቦታው ስለማይበቃም አንዱን ፊደል ለሁለትና ለሦስት ፎንት ያካፍሉት ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቁልል ይሆናል። ማሽኑ እይታ አማርኛ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የነበረው የተሸፈነ ላቲን ነው።

ይህን ያዩ ሰዎች ሁለት ነገር ሠሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» በሚል አጭር ስም አማርኛን በላቲን ፊደል ወጥ አድርጎ መጻፊያ ሥርዓት አዘጋጁ። በዚያው ጊዜም የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ እንዲገባ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ባለሙያዎች ረቂቅ እያቀረቡ ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሀ» በዓለም ላይ አንድ ቋሚ ቁጥር አላት።

ቪስታ የወረሰው ይህን ልፋት ነው። «ኒያላ» የተባለው ፎንት በካናዳዊው የፊደል ባለሙያ በጆን ሃድሰን ተቀርጾ በሥርዓቱ ውስጥ ተካተተ፤ ስሙም ከባሌው የደጋ አጋዘን የመጣ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ አብሮ ገባ፣ የሜኑዎቹን ቃላት ወደ አማርኛ የሚለውጥ ጥቅልም ተከተለ። ለጊዜው ታላቅ ድል ነበር። ነጻ ሶፍትዌር በሚባለው ጎራ ግን የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በጎ ፈቃደኞች የሊኑክስን ገጽታ ከዚያ አስቀድመው ወደ አማርኛ መመለስ ጀምረው ነበር።

*

እንግዲህ ወደ ቆቦ እንመለስ። በዚያ ሰሞን በዋናው መንገድ ዳር፣ እንደ ማንኛውም የሰሜን ወሎ ከተማ፣ «ኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ጠባብ ክፍሎች ነበሩ። ሰው ወደዚያ የሚገባው ለኢንተርኔት አይደለም። የሚገባው ለፍርድ ቤት አቤቱታ፣ ለቤት ኪራይ ውል፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለሰርግ መጥሪያ፣ ለተስካር ወረቀት ነው። ገበሬው ጉዳዩን በቃል ይናገራል፣ ጸሐፊዋ ትመታለች፣ ወረቀቱ ይወጣል፣ ማኅተም ፍለጋ ይኬዳል።

ለእነዚህ ክፍሎች የቪስታ አማርኛ ምን ጠቀማቸው? ለብዙ ጊዜ ምንም። ምክንያቱም ቀላል ነው። ቪስታ ለመነሳት ብቻ 512 ሜጋባይት ራም ይጠይቅ ነበር፤ ደህና ሆኖ ለመሄድ 1 ጊጋ ይፈልጋል። በገጠር ከተሞች የነበሩት አብዛኞቹ ማሽኖች ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለኤክስፒ እንኳ የሚያቃስቱ ነበሩ። ጸሐፊዎቹም እጃቸው የለመደው የፓወር ግዕዝን ወይም የቪዥዋል ግዕዝን አመታት ነው። ከቪስታ ጋር የመጣው ኪቦርድ ሌላ አመታት ይጠይቃል። በቀን በገጽ የምትከፈል ጸሐፊ ደግሞ ለአዲስ ኪቦርድ የምትሰጠው ጊዜ የላትም።

ስለዚህ ቆቦም ሆነ መላው አገሪቱ በኤክስፒ ቀረ። ኤክስፒ በጥቅምት 1994 ዓ.ም. ወጥቶ በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ድጋፉ ሲቋረጥ በብዙ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገና ይሠራ ነበር። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዘል ቫይረስ፣ «ፎርማት ይደረግ» የሚል የዘወትር መፍትሔ፣ ፈቃዱ ያልተገዛ የዊንዶውስ ሲዲ የዘመኑ መለያ ሆኑ። መንግሥት በወረዳኔት ወረዳዎችን ከማዕከል ሲያገናኝ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ሲያከፋፍል፣ ከኬብሉ በዚህ ጫፍ ያለው ደብዳቤ የሚጻፈው ገና በባቢሎን ፎንት ነበር።

የዚህ መዘግየት ዋጋ ዛሬ ነው የሚከፈለው። በእነዚያ 15 እና 20 ዓመታት የተጻፈ ውል፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመሬት ክርክር ሰነድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የዕድር መዝገብ በዩኒኮድ አልተጻፈም። ፋይሉ ቢኖርም ፎንቱ ከሌለ አይነበብም፤ ፎንቱ ቢኖር እንኳ በፍለጋ አይገኝም። የትኛውም የአዲስ ዘመን ፍለጋ «ቆቦ» የሚለውን ቃል በዚያ ፋይል ውስጥ አያገኘውም፤ በማሽኑ ዓይን እዚያ ውስጥ ቆቦ የሚባል ቃል የለማ።

*

ፊደል ገባ ማለት ቋንቋ ሙሉ በሙሉ ገባ ማለትም አይደለም። ከቪስታ እስከ ዛሬው ዊንዶውስ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በሥርዓቱ የቀን መቁጠሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። የፋርስ አለ፣ የዕብራውያን አለ፣ የታይላንድ አለ፣ የሂጅራ አለ። 13 ወር ያለው አቆጣጠር ግን የለም። ይህ በቴክኒክ የማይቻል ነገር ሆኖ አይደለም፤ «አይሲዩ» የተባለው ነጻ የፕሮግራም ስብስብ የእኛን አቆጣጠር ከጳጉሜን ጋር ካወቀው ቆይቷል። ስለዚህ የወረዳ ሠራተኛ ደብዳቤ ሲጽፍ ቀኑን በእጁ ይመታል። ከስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓትም ጠዋት 1 ሰዓትን 7 ሰዓት ይለዋል። ሰዉ ስለለመደው ችግር መሆኑን ረስቶታል።

ኒያላም ቢሆን በዋናው በር አልቆየም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ኢብሪማ» የተባለው ፎንት የግዕዝን ሥራ ተረከበ። በዊንዶውስ 10 ደግሞ ኒያላ ተጠቃሚው ፈልጎ በኢንተርኔት የሚያወርደው ተጨማሪ ሆነ። ኢንተርኔት ላለው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ለሌለው ደግሞ የቀድሞ ሰነዱ መልኩ ይለወጥበታል።

*

አሁን ያቺ ቺፕ ትመለሳለች። ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን አስተዋወቀ። ከዝርዝሩ መካከል አንድ ግዴታ ነበር። «ቲፒኤም 2.0» የተባለች የደኅንነት ቺፕ የሌለው፣ ፕሮሰሰሩም ከተወሰነ ትውልድ በታች የሆነ ማሽን በይፋ አይቀበልም ተባለ። የሎንግሆርን ፓላዲየም የተመሠረተበት አሳብ ከ18 ዓመት በኋላ ግዴታ ሆኖ መጣ ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን ቆቦ ምን ላይ ነበረች? ከማስታወቂያው አንድ ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ወደ ራያ ሜዳ ወረደ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ጳጉሜን 4 ቀን በነዋሪዎቿ ላይ የተፈጸመውን ግድያ ሂዩማን ራይትስ ዎች በኋላ ባወጣው ዘገባ መዝግቦታል። ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ገበያ ላይ ሲወጣ ቆቦ መብራትም፣ ስልክም፣ ባንክም አልነበራትም። በታኅሣሥ ተለቀቀች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ተመልሶ መጣባት። በሰሜን ወሎ የጤናና የትምህርት ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። ለዓመታት የተጠራቀመ ኮምፒዩተርና በውስጡ የነበረው መዝገብ አብሮ ጠፋ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ትንሽ ተነፈሰች ሲባል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ።

ይህን ማንሳት ሐዘን ለመቆስቆስ አይደለም። የሚመጣው ሥርዓት በየትኛው መሬት ላይ እንደሚቆም ለማሳየት ነው።

*

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አበቃ። ተጨማሪ የአንድ ዓመት የደኅንነት ጥገና የሚፈልግ ግለሰብ 30 ዶላር ይክፈል፣ ወይም ማሽኑን ከኩባንያው አካውንት ጋር በኢንተርኔት ያስተሳስር ተባለ። ቆቦ ላይ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያለው ጸሐፊ ስንት ነው? ማሽኑ ደግሞ ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የመጣ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው ከሆነ ምርጫው ሦስት ነው። ጥገና በሌለው ሥርዓት መቀጠል፣ አዲስ መግዛት፣ ወይም ወደ ሊኑክስ መዞር።

ወደፊት የታቀደው ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ኩባንያው «ኮፓይለት ፕላስ» የተባሉ ማሽኖችን ሲያስተዋውቅ ዝቅተኛውን 16 ጊጋ ራምና ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተለየ ፕሮሰሰር አደረገው። «ሪኮል» የተባለው ሥርዓት ተጠቃሚው ስክሪኑ ላይ ያየውን ሁሉ እያነሳ በኋላ በፍለጋ ያገኝለታል። ዊንኤፍኤስ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሪኮል የተዘጋጀው በተለይ ለእንግሊዝኛ፣ ለቻይንኛ፣ ለፈረንሳይኛ፣ ለጀርመንኛ፣ ለጃፓንኛና ለስፓኒሽ እንደሆነ ኩባንያው ራሱ ገልጿል። አማርኛ የለበትም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 የዊንዶውስ ኃላፊው ፓቫን ዳቩሉሪ ሥርዓቱ ራሱ ሥራ የሚሠራ ወኪል ወደመሆን እያደገ ነው ብሎ ሲጽፍ በራሱ አገር ተጠቃሚዎች ዘንድ እንኳ ብዙ ቁጣ ተነሳበት።

እዚህ ላይ ለኩባንያውም ፍርድ መጓደል የለበትም። የደኅንነት ቺፕ ከንቱ ነገር አይደለም። ጥገና የሌለው ሥርዓት ላይ የወረዳን ገንዘብ ወይም የታካሚን መዝገብ ማስቀመጥ በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው። አዲስ ነገር መጣ ተብሎ በኤክስፒ መማል ብልህነት አይደለም። ጥያቄው አዲሱ ይምጣ ወይስ አይምጣ አይደለም። ጥያቄው ሲመጣ ማንን ቆጥሮ ይመጣል የሚለው ነው።

ታሪኩ ደግሞ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው። አማርኛ ወደ ኮምፒዩተር የገባው ኩባንያዎች በዝርዝራቸው ስላሰቡት አይደለም። ሰዎች ፎንት ስለቀረጹ፣ ረቂቅ ስላቀረቡ፣ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ስለተከራከሩ ነው። እነሱ የሠሩት ሥራ ዩኒኮድ 3.0 ላይ ባይደርስ ኖሮ ቪስታ ውስጥ የሚገባ ነገር አይኖርም ነበር። የቃላት ስብስቡ፣ የድምጽ ቅጂው፣ የዘመን አቆጣጠሩ ጥያቄ ዛሬ ካልቀረበ የሚቀጥለው ሥርዓትም ያለ እኛ ይሰላል።

ከዚያ በፊት ግን ማንንም የማያስጠብቅ ሥራ አለ። በየወረዳው፣ በየፍርድ ቤቱ፣ በየጽሕፈት ክፍሉ በአሮጌ ፎንት የተቀመጠው ፋይል ፎንቱን የሚያውቅ ማሽን ሳይሞት ወደ ዩኒኮድ ይገልበጥ። መቀየሪያ ፕሮግራም ከተሠራ ዓመታት አልፈዋል። የሚያስፈልገው ትእዛዝ፣ አንድ ፍላሽና ትዕግሥት ያለው ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር በጨረታ ሲገዙ ከራሙና ከፕሮሰሰሩ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ኢንተርኔት ለስድስት ወር ቢጠፋ ይሠራል? በአማርኛ የተጻፈውን ፈልጎ ያገኛል? የምንገዛው ማሽን ድጋፉ የሚያበቃው መቼ ነው?

ከጦርነቱ የተረፈው የቆቦ መዝገብ ጥቂት ነው። በጥይትና በዝርፊያ የጠፋውን መመለስ አይቻልም። በፎንት ምክንያት የሚጠፋው ግን ገና በእጅ አለ። የሚመጣው ዊንዶውስ ቀንዱ የቱንም ያህል ይርዘም፣ ትናንት የጻፍነውን ማንበብ ካልቻለ ለራያ ማሳ የሚሆን በሬ አይደለም።